የአልፕስ የተራራ ጎጆዎች፦ ስለ ምግብ፣ እረፍትና አዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያ፣ በደቡብ ጀርመንና በሰሜን ጣሊያን የሚኖሩ ወገኖቻችን ተራራውን በየቀኑ ያዩታል። ብዙዎቹ ግን ዓመታት ኖረውም አንድ ቀን አልወጡበትም። "እሱ የፈረንጅ ነገር ነው" ይባላል። "ገመድና ብረት ይጠይቃል" ይባላል። "ውድ ነው" ይባላል። ሦስቱም ልክ አይደሉም። እዚያ ላይ ትኩስ ሾርባ የሚቀርብበት፣ የደከመው የሚያርፍበት፣ የመሸበት የሚያድርበት ቤት አለ። ይህን ቤት የእኛም ሰው እንዲያውቀውና እንዲጠቀምበት እፈልጋለሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሐበሾች ስንሰባሰብ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው።

ጎጆው ምንድን ነው? ሆቴል ነው?

ሆቴል አይደለም። የሆቴል ነገር ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ቅር ይላችኋል።

ነገሩ የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ያኔ የተራራ ወዳጆች ማኅበራት ተከታትለው ተቋቋሙ። የኦስትሪያው እ.ኤ.አ. በ1862፣ የስዊሱና የጣሊያኑ በ1863፣ የጀርመኑ በ1869። ከሸለቆ ተነስቶ ጫፍ ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ስለሚከብድ መሃል ላይ ማደሪያ አስፈለገ። የስዊሱ ማኅበር ገና በተቋቋመበት ዓመት ቶዲ በሚባለው ተራራ ላይ የመጀመሪያ ጎጆውን ሠራ። ዛሬ 150 ያህል አለው። የጀርመኑ ማኅበር ከ300 በላይ ጎጆ ሲኖረው፣ ብዙዎቹ ያሉት ኦስትሪያ ውስጥ ነው።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ የድንጋይ ወይም የእንጨት ነው። በወቅቱ የሚያስተዳድረው ሰው ከነቤተሰቡ ወይም ከጥቂት ሠራተኞች ጋር እዚያው ይኖራል። ያበስላል፣ ያስተናግዳል፣ ስለ መንገዱና ስለ አየሩ ይመክራል። ምልክቱ ላይ በጀርመንኛው አገር "ሁተ"፣ በፈረንሳይኛው "ካባን" ወይም "ረፉዥ"፣ በጣሊያንኛው "ሪፉጂዮ" የሚል ታገኛላችሁ።

ሌላም ዓይነት አለ። በኦስትሪያና በባቫሪያ "አልም"፣ በጣሊያን "ማልጋ" የሚባለው ከብት በበጋ የሚወጣበት የግጦሽ ቦታ ነው። እረኛው ቤት እዚያው የታለበ ወተትና እዚያው የተሠራ አይብ ትበላላችሁ። ብዙዎቹ ግን አያሳድሩም። "ቢቫኮ" ደግሞ ጠባቂ የሌለው ትንሽ መጠለያ ነው። አልጋና ብርድ ልብስ ቢኖረውም ምግብ የለውም። ለጀማሪ አይሆንም።

ተራራ ወጥቼ አላውቅም። መሄድ እችላለሁ?

አዎ። በመንገዱ ቀለም ምረጡ እንጂ በጎጆው ፎቶ አትምረጡ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢጫ ምልክት ተራ የእግር መንገድ ነው። ነጭ-ቀይ-ነጭ የተራራ መንገድ ነው፤ ጥሩ ጫማና የማያዞር ጭንቅላት ይፈልጋል። ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ካያችሁ ለለመደ ሰው የተተወ ነውና ተመለሱ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሰዓት የእግር ጉዞውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ለእረፍት፣ ለፎቶና ለወሬ የሚሆነውን እናንተ ጨምሩበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክራቸው ቦታዎች አሉ። በሰሜን ጣሊያን፣ በደቡብ ቲሮል ያለው ዛይዘር አልም በአውሮፓ ትልቁ የከፍታ ግጦሽ ሜዳ ነው። በኬብል መኪና ይወጣል፤ ላዩ ላይ ሰፊ መንገድና ብዙ መመገቢያ ጎጆዎች አሉት። የሕፃን ጋሪ የሚገፋበት መንገድም አይጠፋም። ስዊዘርላንድ ውስጥ አፐንሴል አካባቢ ከገደል ሥር የተለጠፈው አሸር የሚባለው ቤት ከኤበናልፕ የኬብል መኪና ጣቢያ ጥቂት ተሄዶ ይደረሳል። በጣሊያኑ የዶሎሚቲ ተራሮች ላይ ደግሞ እስከ አውሮንዞ ጎጆ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ድረስ፣ ክፍያ ያለው የመኪና መንገድ አለ። ከዚያ ትሬ ቺሜ የሚባሉትን ሦስት ጫፎች እየዞራችሁ ወደ ሎካቴሊ ጎጆ ትሄዳላችሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ለአልፕስ አዲስ የሆነን ሰው አንድ ቦታ ብቻ ውሰድ ብባል እዚያ ነው የምወስደው።

ከፍታው አያሳምመኝም?

ብዙዎቹ ጎጆዎች ከ1,500 እስከ 2,800 ሜትር ባለው ውስጥ ናቸው። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ቁጥሩ አያስፈራችሁ። ግን አንድ ነገር አስቡ፦ ለዓመታት ዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሰውነት የደጋውን ልምድ ይረሳል። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ታች ውረዱ።

ከሁሉ ከፍ ያለችው ሞንቴ ሮዛ ላይ ያለችው ካፓና ማርጌሪታ ናት፣ 4,554 ሜትር። ከራስ ዳሽን ጫፍ ጋር ትቀራረባለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ስትመረቅ የጣሊያን ንግሥት ማርጌሪታ ራሷ ወጥታ ነበር። ወደ እሷ የሚኬደው በበረዶ ግግር ላይ፣ በገመድ ታስሮ ነው። ለእኛ ጉዳይ አይደለችም።

ሳላድር ምሳ ብቻ በልቼ መመለስ እችላለሁ? ምን አለ?

በደንብ! አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለምሳ ብዙ ጊዜ ቀጠሮ አያስፈልግም። ክፍት ወንበር ፈልጋችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ።

ምግቡ ከባድ ነው። ለደከመ ሰው የተሰናዳ ነውና። ቲሮል ውስጥ ከደረቅ ዳቦና ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ የተድቦለቦለ ክኖደል በትኩስ መረቅ ይቀርባል። ካይዘርሽማረን የሚሉት ወፍራም ጣፋጭ ቂጣ ነው፤ ተቆራርሶ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ ከፍራፍሬ ወጥ ጋር ይመጣል። አንድ ሰሃን ለሁለት ሰው ይበቃል። ስዊሶቹ ማካሮኒን ከድንች፣ ከአይብና ከክሬም ጋር አዋህደው፣ ጎኑ ላይ የተፈጨ ፖም አድርገው ይሰጧችኋል። ስትሰሙት አይጥምም፤ ስትበሉት ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ። ጣሊያን ውስጥ የበቆሎ ገንፎ የሆነው ፖሌንታ አለ። ለገንፎ ወዳጅ እዚህ መላመድ አይከብድም።

አይቡን ሳትቀምሱ አትመለሱ። ስለ አልፕስ አይብ ሲነሳ ደግሞ አጊቱ ጉደታን አለማንሳት አልችልም። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ጣሊያን ትሬንቶ ተምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአገር ሸሽታ ሞኬኒ ሸለቆ የገባች ሴት ናት። የተተወ የግጦሽ መሬት ይዛ፣ ሊጠፋ የተቃረበ የአካባቢውን የፍየል ዝርያ አርብታ፣ "ደስተኛዋ ፍየል" የሚል ስም በሰጠችው ድርጅቷ አይብ ሠርታ ሸጠች። የአገሬው ሰው የተወውን ተራራ እሷ አለማችው። በ2020 መጨረሻ በግፍ ተገደለች። ትሬንቲኖ ስትሄዱ ስሟን አንሱ፤ ያስታውሷታል።

በጾም ቀን ምን ልብላ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ይጠየቃል። ምክንያቱም የጎጆዎቹ ዋና ወቅትና የእኛ ጾሞች ይገጣጠማሉ። ጾመ ሐዋርያት እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ገብቶ 16 ይፈታል፤ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 22 ማለት ነው። ተራራው በሰው የሚሞላበት ሰሞን ነው።

"ጾመኛ ነኝ" ብትሉ አይገባቸውም። "ቪጋን" በሉ። ቃሉ የሁሉም ጎጆ ወጥ ቤት ይገባዋል። "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ ግን እንቁላልና አይብ መጣ ማለት ነው። ለማደር ከሆነ ቦታ ስትይዙ አስቀድማችሁ አሳውቁ። እዚያ ላይ ሱቅ የለም። ዕቃው የሚመጣው በሄሊኮፕተር፣ በዕቃ ማንሻ ገመድ፣ አንዳንዴም በበቅሎ ነው። ማታ ደርሳችሁ ብትናገሩ ዳቦና ሰላጣ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የምስር ሾርባ ስታዩ ደስ አይበላችሁ፤ ብዙ ጊዜ የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ገብቶበታል። ድንች ጥብስም በቅቤ ወይም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ጠይቁ። ፓስታ በቲማቲም የተሻለ አማራጭ ነው። አሳማ ለማይበሉ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ምክሩ ያው ነው። ሐላል ሥጋ እዚያ ላይ ማግኘት ስለሚከብድ ብዙዎቹ ያለ ሥጋ የሆነውን ይመርጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ስንቅ ያዙ። በሶን የሚያክል የተራራ ስንቅ አላውቅም። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ውኃ ካለ እሳት አይፈልግም፣ እስከ ማታም ይይዛል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይገባል። ፈረንጆቹ በውድ የሚገዙትን የኃይል ብስኩት የእኛ እናቶች ድሮ ጨርሰውታል።

የራሴን ምግብ ጎጆው ውስጥ መብላት ያስነውራል?

እንደ ቤቱ ነው። መንገድ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትበሉ ማንም ምንም አይልም። ጎጆው ውስጥ ግን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቢያንስ ሻይ ወይም ሾርባ እዘዙ። አስተናጋጁ የሚኖረው ከወጥ ቤቱ ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ ማኅበራት ጎጆዎች ለአባላት ዋጋው ዝቅ ያለ "የተራራ ተጓዦች ምግብ" አለ፤ ጠይቃችሁ እዘዙት። የራሳችሁን የጋዝ ምድጃ ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። በእንጨት ቤት እሳት ቀልድ አይደለም።

ለማደር ቦታ መያዝ ግዴታ ነው? ዝም ብዬ ብደርስስ?

ያዙ። በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ቅዳሜዎች ጎጆዎቹ ይሞላሉ። ብዙዎቹ የማኅበራቱን የጋራ የኢንተርኔት መመዝገቢያ ይጠቀማሉ፤ ሌሎቹ በስልክ ይቀበላሉ። ሞንብላን መንገድ ላይ ያለው ጉቴ ጎጆ፣ 3,835 ሜትር፣ ያለ ምዝገባ ጭራሽ አይቻልም።

መጥፎ አየር የያዘው፣ የተጎዳ ወይም የመሸበት ሰው ሲመጣ ግን አይመልሱም። ምግብ ቤቱ ወለል ላይም ቢሆን ያስተኙታል። አገራችን "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ" ሲባል በር እንደሚከፈተው ነው። ይህን ደግነት ግን ቦታ ላለመያዝ ሰበብ አታድርጉት።

መቅረት ካለባችሁ ደውላችሁ ሰርዙ። ይህ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ትመጣላችሁ ተብሎ ሲጠበቅ ከቀራችሁ "የት ወደቁ?" ተብሎ ፍለጋ ሊወጣ ይችላል። የሰዎች ሕይወት ለከንቱ አደጋ ላይ ይጣላል።

ስንት ይፈጃል?

ኦስትሪያ ውስጥ በጋራ መኝታ፣ ከእራትና ከቁርስ ጋር፣ ከ50 እስከ 80 ዩሮ ብታስቡ ብዙም አትሳሳቱም። ስዊዘርላንድ ከ70 እስከ 100 ፍራንክ ያዙ። ከእነዚህ አገሮች የአንዱ የተራራ ማኅበር አባል ከሆናችሁ የአዳሩ ዋጋ ይቀንሳል፤ ማኅበራቱ ስለተስማሙ የአንዱ ካርድ በሌላውም አገር ይሠራል። የጀርመንና የኦስትሪያ አባልነት የነፍስ አድን ኢንሹራንስም አለው። በዓመት ጥቂት አዳር ካላችሁ አባልነቱ ያዋጣል።

ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ካርድ የሚቀበሉ እየበዙ ነው፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ግን ካርዱ ጥቅም የለውም።

ሌሊቱ እንዴት ነው? ወንድና ሴት አብሮ ይተኛል?

አዎ፣ በጋራ መኝታው አብሮ ይተኛል። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ደርሰው የደነገጡ አሉና። ፍራሾች ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ከእናንተ አጠገብ የማታውቁት ሰው ይተኛል። ሁሉም ልብሱን ለብሶ፣ ደክሞ፣ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው። የማይመቻችሁ ከሆነ ብዙ ጎጆዎች ባለ ሁለት ወይም ባለ አራት አልጋ ክፍል ስላላቸው ቀደም ብላችሁ ያዙት። እህቶች ተሰባስበው ሲሄዱ አንድ ክፍል በጋራ ቢይዙ እመክራለሁ። ጠርዝ ላይ ያለ ፍራሽ ጠይቁም፤ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

ብርድ ልብስና ትራስ አለ። አንሶላ ግን የለም። ቀጭን የጨርቅ የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ መምጣት ግዴታ ነው። ከሌላችሁ ይሸጣሉ ወይም ያከራያሉ። ትኋን እንዳይዛመት አንዳንድ ቤት ቦርሳውን ከመኝታ ክፍል ውጪ ያስቀምጣል። ሲያዝዟችሁ አትቀየሙ፣ ሁሉንም ነው።

የተራራ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ነጠላ ጫማ ያስፈልጋችኋል። እራት ብዙ ቦታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ለሁሉም አንድ ላይ ይቀርባል፤ ዘግይቶ የደረሰ አያገኝም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጸጥታ ነው። ሻወር ካለ ይከፈልበታል፤ ብዙ ቦታ ግን የለም። ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ ነው። የሚያንኮራፋ አይጠፋምና የጆሮ መድፈኛ ያዙ።

ጎህ ሳይቀድ የሚነሱ ተራራ ወጪዎች አሉ። ለጸሎት በሌሊት የምትነሱ ከሆነ ማንም አይገረምባችሁም። ዕቃችሁን ማታ አዘጋጁ፣ መብራት ሳታበሩ ውጡ፤ ምግብ ቤቱ በዚያ ሰዓት ባዶና ጸጥ ያለ ነው።

እንግድነት አይሰማኝም? ያፈጡብኛል?

በቅንነት ልመልስ። ተራራ ላይ ጥቁር ሰው ብዙ አይታይም፤ ስለዚህ ዓይን የሚጥልባችሁ ይኖራል። ግን ከተማ ውስጥ በአሳንሰር ሰላም የማይላችሁ ሰው እዚያ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ሰላም ይላል። እናንተም በሉት፤ ቲሮል "ሰርቩስ" ወይም "ግሪስ ጎት"፣ ዙሪክ በኩል "ግሩዌትሲ"፣ ጣሊያን "ቡዎን ጆርኖ"። ገበታው የጋራ ስለሆነ ጨዋታ በራሱ ይመጣል። ከየት እንደመጣችሁ፣ ነገ ወዴት እንደምትሄዱ ይጠይቃሉ። በሥራ ቦታ ለዓመታት ያልተገኘ ቅርበት በአንድ እራት ይገኛል። ቋንቋውን መለማመድ ለምትፈልጉ ከዚህ የተሻለ ክፍል የለም።

ወረቀቴ ገና አላለቀም። መሄድ እችላለሁ?

ባላችሁበት አገር ውስጥ ከሆነ፣ መንቀሳቀስ እስከተፈቀደላችሁ ድረስ ትችላላችሁ። ጥንቃቄው ድንበር ላይ ነው። የአልፕስ መንገዶች ድንበር ሲያቋርጡ ኬላ የለም፤ አንዲት ድንጋይ ወይም ሰሌዳ ብቻ ናት። የሞንብላን ዙሪያ መንገድ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን ይነካል። ከኦበርስትዶርፍ ወደ ሜራኖ የሚሄደው ታዋቂው መንገድም ከጀርመን ወደ ኦስትሪያ፣ ከዚያ ወደ ጣሊያን ይገባል። የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ይዞ ከአገር መውጣት ጉዳያችሁን ሊያበላሽ ይችላል። መንገዱን ካርታ ላይ እዩ፣ ጠበቃችሁን ጠይቁ። የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁም ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ።

መቼ ልሂድ?

ከፍ ያሉት ጎጆዎች በፈረንጆቹ ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ክፍት ናቸው፣ በእኛ ከሰኔ እስከ መስከረም። አንዳንዶቹ በማርችና በኤፕሪል ለበረዶ ሸርታቴ ይከፈታሉ። እኔ ሴፕቴምበርን እመርጣለሁ። ሰው ይቀንሳል፣ አየሩ ይረጋጋል፣ ሰማዩ ይጠራል። ሲዘጉ ብዙዎቹ ትንሽ የክረምት ክፍል ይተዋሉ፤ እሱ ግን ልምድ ላለው ነው።

በበጋ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ይበዛል። በጠዋት ተነስታችሁ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት በፊት ጎጆ ግቡ።

አደጋ ቢደርስስ?

112 በሁሉም የአልፕስ አገሮች ይሠራል። ኦስትሪያ ውስጥ የተራራ ነፍስ አድን 140፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሄሊኮፕተር ነፍስ አድን 1414 ነው። ስልክ ከሌለ በፉጨት ወይም በባትሪ በደቂቃ 6 ጊዜ ምልክት ስጡ፣ አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ ድገሙት። በደቂቃ 3 ጊዜ መልስ ከሰማችሁ አይተዋችኋል ማለት ነው።

ጠዋት ስወጣ ምን ይጠበቅብኛል?

ሂሳቡ ብዙ ጊዜ ማታውኑ ይከፈላል። ብርድ ልብሱን እጠፉ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ እዚያ ላይ የሚጥለው የለም። የቧንቧው ውኃ ይጠጣ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትቅዱ፤ ካልሆነ ሻይ ወይም የታሸገ ውኃ ግዙ። አስተናጋጁን ስለ መንገዱ ጠይቁት፤ ትናንት በረዶ የት እንደቀረ፣ ድልድይ የት እንደተሰበረ ከስልካችሁ ይልቅ እሱ ያውቃል። በመጨረሻም በር አጠገብ ያለውን መዝገብ ክፈቱና ስማችሁን፣ የሰዎቻችሁን ብዛትና ቀጥሎ የምትሄዱበትን ጻፉ። ብትጠፉ ነፍስ አድኖች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።